ባለቤቴ ጽፎት ስላላነበበው ታፔላ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር፣

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ስምዎ በወርቃማ ፊደል የተጻፈበት የቢሮዎ በርም ጭምር እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ ያልተቆራረጠ፣ አልጋዎም ሐኪሞች ከብበው እንግሊዝኛ የማይነጋገሩበት አልጋ እንዲሆንልዎ ከልቤ እመኛለሁ። የማዕረግዎ ዝርዝር ከስምዎ ሥር በእንግሊዝኛ ብቻ ስለተጻፈ፣ በሰላምታዬ ያጎደልኩት ክብር ቢኖር አለማወቄ እንጂ አለማክበሬ እንዳይደለ ይረዱልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ ታፔላ ጸሐፊ ነው። የሠፈሩ ሰው ጋሽ ቀለም ይለዋል፤ እርስዎ ግን የሚያውቁት፣ የሚያውቁት ከሆነ፣ በአልጋ ቁጥሩ ነው። ሳንባውን ታሞ እናንተ ዘንድ ከተኛ ሰነባብቷል። ይህን ደብዳቤ አደባባይ የማወጣው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ጸሐፊዎ ጉዳዬን ቆሜ ሳስረዳት በእርጋታ ሰምታኝ ስታበቃ፣ በኮምፕሌይንት ሃንድሊንግ ሜካኒዝም በኩል እንድመጣ ነገረችኝ፤ እኔም ያ ሜካኒዝም የትኛው ፎቅ ላይ እንደሚቀመጥ የሚያሳየኝ ሰው ፈልጌ ፈልጌ ስላጣሁ ነው።

ቅሬታዬን ከመዘርዘሬ በፊት ምስጋና ይቅደም። አንሶላችሁ ንጹሕ ነው። ነርሶቻችሁ መርፌ ሲወጉ እጃቸው ቀላል ነው። የአልጋው መጋረጃ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቢሰፋም፣ በዚያች ስንዝር በኩል የሐኪሞቹን ጫማ እያየሁ የትኛው እንደመጣ ስለምለይ ለእሷም አመሰግናለሁ። የጎደለን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ባለቤቴ ምን እንደሆነ፣ ወዴትም እየሄደ እንደሆነ፣ እኛ በምንጣላበትና በምንታረቅበት ቋንቋ የሚነግረን ሰው ነው።

አንደኛ፦ የጠዋቱን የሐኪሞች ጉብኝት ይመለከታል። በየጠዋቱ "አስታማሚ ውጪ" ይባልና እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ስቆም፣ ሐኪሞችዎ ከነተማሪዎቻቸው የባለቤቴን አልጋ ይከባሉ። ባለቤቴ እንግዳ አክባሪ ሰው ነውና ትንፋሽ እያጠረው ቀና ይላል፣ የፒጃማውን ኮሌታ ያስተካክላል፣ ለትልቁም ለትንሹም ፈገግ ይላል። እነሱ ግን ከራሱ በላይ በእንግሊዝኛ ይቀባበላሉ፤ ወሬው ስለ እሱ መሆኑ የሚታወቀው አልፎ አልፎ በእስክሪብቶ ወደ ደረቱ ሲጠቁሙ ነው። ሊወጡ ሲሉ "አይዞዎት ጋሼ" ብለው ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። በአማርኛ የሚደርሰን የቀኑ ድርሻ ይቺው ናት፤ ለእሷም ቢሆን እግዜር ይስጥልን።

እኔ ስመለስ ባለቤቴ ከጉብኝቱ ያስቀራቸውን ቃላት አንድ በአንድ ያወጣልኛል። እዚህ ላይ ስለ ሥራው ጥቂት ላስረዳዎ ይገባል። ባለቤቴ የእንግሊዝኛ ፊደል አሳምሮ ይጽፋል እንጂ እንግሊዝኛ አያውቅም። ደንበኛ በብጣሽ ወረቀት ያመጣለትን እያየ ቆርቆሮ ላይ ያሰፍራል፤ የቃሉን ትርጉም የሚማረው ታፔላው ከተሰቀለበት ቤት ነው። በተለይ ረጅም ቃል ሲያገኝ ደስ ይለዋል። እሱ እንዳየው አጭር ስም ያለው ሱቅ ቶሎ ይዘጋል፣ ረጅም ስም ያለው ድርጅት ግን ውሎ አድሮ ፎቅ ይሠራል። እንግዲህ "ፕሮግረሲቭ" የሚለውን ቃል የጻፈው ለአንድ መዋዕለ ሕፃናት ነበር፤ ያ መዋዕለ ሕፃናት ዛሬ አድጎ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆኗል። ስለዚህ ሐኪሞችዎ በሽታውን "ፕሮግረሲቭ" ሲሉት፣ ባለቤቴ እጄን ይዞ ለውጥ አለ፣ እያደግን ነው አለኝ። "ካንዲዴት" የሚለውን የጻፈው ደግሞ ምርጫ ለገባ ሰው ነበር። ለኦፕሬሽን ካንዲዴት እንዳልሆነ ሲናገሩ በጆሮው ቢሰማ፣ እኔ መቼ ልወዳደር አልኩ ብሎ ሳል እስኪያጣድፈው ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። በዚያ ጠዋት አልጋውን ከብበው የቆሙት ሁሉ፣ ገና ነጭ ጋዋን የለበሱት ተማሪዎች ሳይቀሩ፣ ምን እንደተባለ ያውቁ ነበር። ያላወቅነው እኛ ባልና ሚስት ብቻ ነበርን።

ሁለተኛ፦ ማብራሪያን ይመለከታል። ሐኪሞችዎ ተጠይቀው አልመለሱም ብዬ ስማቸውን አላጠፋም። ይመልሳሉ። ችግሩ ረጅሙን ቃል የሚያብራሩልን ከእሱ በባሰ ረጅም ቃል መሆኑ ነው። ከመካከላቸው ነርሶቹ ቀውላላው የሚሉት አንድ ዶክተር አለ። ከእናቱ ጋር ኮሪደር ላይ በስልክ ሲጨቃጨቅ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ምሳውን በልቶ እንደሆነ ስትጠይቀው የሚመልስላት አማርኛ ማር ነው። እኔ ግን ቀርቤ ባለቤቴ ይድናል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ያ ሁሉ አማርኛ ከየት እንደገባ ጠፋና ኦፕሽኖቹ ሊሚትድ ስለሆኑ ኮንሰርቫቲቭሊ ማኔጅ እናደርገዋለን አለኝ። አልገባኝም ስለው፣ ሜታስታቲክ ስለሆነ ኩሬቲቭ ኢንተንት የለንም ብሎ አብራራልኝ። ይህን ሁሉ ሲናገር የሚያየው ጫማውን ነበር። እኔም እንደ ጨዋ ሴት አመስግኜው ወደ አልጋው ተመለስኩ።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ነገሩን ቆይቼ ሳስበው የተረዳሁት ይህን ነው፤ እንግሊዝኛው ለሕመምተኛው የታዘዘ አይደለም፣ ሐኪሙ ራሱ የእኔን ፊት ላለማየት የሚወስደው ማስታገሻ ነው። ልጁ ክፉ አይደለም። እኔን ማስለቀስ ፈርቶ ነው። ነገር ግን እሱ ማስታገሻውን ወስዶ ወደ ቤቱ ሲገባ ሕመሙ እኛ ጋ ያድራል። እርስዎ ይህን ልምድ መልካም ነው ብለው የሚያምኑበት ከሆነ፣ አንድ ቀን አይበለውና ሲተኙ፣ እኔ እርስዎ በማይሰሙት ቋንቋ የጤናዎን ነገር ግርጌዎ ቆሜ ለማስረዳት፣ ሲያልቅም ትከሻዎን መታ መታ ለማድረግ ፈቃደኛ መሆኔን ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

ሦስተኛ፦ "ልዩ ክፍል" የተባለውን ይመለከታል።

ልጃችን የምትሠራው በአውቶቡስ ሙሉ ቀን በሚያስኬድ ከተማ ነው። አንድ ልጃችን እሷ ናት። የአባቷን መተኛት ሰምታ፣ ገና ከገባችበት ሥራ በስንት ልመና ፈቃድ አግኝታ መጥታ ነበር። በዚያው ሰሞን ከእናንተ ወገን አንዱ መጥቶ ባለቤቴን "ወደ ልዩ ክፍል እናዛውርዎታለን" አለው። በዚህ ሆስፒታል ከሰማናቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ከዳር እስከ ዳር አማርኛ የነበረው ይህ አንዱ ነው፤ አማርኛ በመሆኑም ዓይናችንን ጨፍነን አመንነው። እኛ ልዩ ሲባል የምናውቀው ልዩ እንግዳን፣ ልዩ ሽልማትን ነው። ልጃችን ግን አላማራትም። ቀውላላውን ዶክተር ኮሪደር ላይ ጠብቃ ብትይዘው "ስቴብል ነው" አላት። እሷ እንግሊዝኛ ትችላለች፤ በመቻሏም ልቧ አረፈ። ለዛሬ ብቻ ማለቱ እንደሆነ በየትኛው መዝገበ ቃላት ታገኘዋለች?

አባቷም እኔ እዚህ ማዕረግ ወጥቶልኝ ልዩ ክፍል እየገባሁ አንቺ ሥራሽን ልታጪ ነው ወይ ብሎ ተቆጣት። ልቆይ አለች፣ አይሆንም አላት። ላልቅስ አለች፣ ምን ሆኜ ነው የምታለቅሽው አላት። ስትመለስ ከዚያ አገር ጥሩ የፈረስ ጭራ ብሩሽ እንድታመጣለት አዝዞ፣ ግንባሯን ስሞ ሸኛት። እያመነታች፣ እየዞረች እያየችው ሄደች።

ከሰዓት በኋላ በሚገፋ አልጋ ወደ ልዩው ክፍል ሲወስዱት፣ በሩ ጋ ስንደርስ ባለቤቴ ቁሙ ብሎ ጮኸ። አልጋውን የሚገፉት ሰዎች አንድ ነገር የሆነ መስሏቸው ደነገጡ። ለካ ከበሩ በላይ የተሰቀለው ታፔላ የገዛ እጁ ሥራ ኖሯል። "ኮምፕሪሄንሲቭ ሰፖርቲቭ ኤንድ ፓሊየቲቭ ኬር ዩኒት" ይላል። በዕድሜው ከጻፋቸው ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው፤ ዓመታት አልፈውበት ሰማያዊ ቀለሙ እንኳ አልገረጣም። በጀርባው ተኝቶ፣ በጣቱ እያሳየ፣ የትኛውን ፊደል በየትኛው ብሩሽ እንዳወጣው ለአልጋ ገፊዎቹ አስረዳቸው። እነሱም ሥራ እያለባቸው ቆመው ሰሙት፤ ውለታቸውን አልረሳም።

ለእኔም ስንቴ የነገረኝን ታሪክ እንደገና ነገረኝ። ጽሑፉን ያመጣለትን የሆስፒታሉን ሰው፣ አማርኛውስ ብሎ ጠይቆት ነበር። አማርኛው አያስፈልግም፣ ሰው ይለምደዋል የሚል መልስ አገኘ። እሱ ግን ነገ ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል ብሎ፣ እንግሊዝኛውን ወደ ላይ ሰብሰብ አድርጎ ከሥሩ አንድ መስመር የሚበቃ ቦታ ባዶ ተወ። ለምን ከፍ አለ ሲሉት፣ ፊደል አየር ይፈልጋል ብሎ ሸወዳቸው። ያ ቦታ ዛሬም ነጭ እንደሆነ አለ። ባለቤቴ ከታፔላው ጋር መገናኘቱን እንደ ጥሩ ገድ ቆጠረው፤ በገዛ እጄ ስም ያወጣሁለት ቤት ክፉ አያደርግብኝም አለኝ። እኔም አሜን አልኩ።

ልጃችን ወደምትሠራበት ከተማ ገብታ ስትደውል፣ እኔ ሞኟ የምሥራች የምነግራት መስሎኝ ስልኩን ይዤ ወደ በሩ ወጣሁ። የእንግሊዝኛ ፊደል መቁጠር ባለቤቴ ድሮ አስተምሮኛል። አባትሽ የጻፈው ነው፣ አባትሽ የተኛበት ነው እያልኩ ከላይ ጀምሬ እየተንተባተብኩ አነበብኩላት። "ፓሊየቲቭ" ስል ድገሚልኝ አለችኝ። ደገምኩላት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል፣ "እማዬ፣ አባዬ ከሚሰማሽ ቦታ ራቅ በዪልኝ" አለችኝ። ከዚያም እያለቀሰች ነገረችኝ፤ ማዳን ሳይቻል ሲቀር፣ ሰው እስከ መጨረሻው እንዳይሠቃይ የሚያስታምሙበት ክፍል ነው አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የሚያልፉት ሁሉ እየዞሩኝ አለፉ።

ክፍሉን እየነቀፍኩ እንዳይመስልዎ። ባለቤቴ እዚያ ከገባ ወዲህ ሕመሙ ቀሎለታል፣ እህል ይቀምሳል፣ ነርሶቹ ስሙን ጠርተው ደህና አደሩ ይሉታል። ሥራው ክቡር ሥራ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለውን ደግ ሥራ የተሰረቀ ዕቃ ይመስል በዚህ ሁሉ ፊደል መሸፈን ለምን አስፈለገ? በሩ ላይ በአማርኛ አንድ መስመር ቢኖር፣ ወይም አንድ ሰው አፉን ሞልቶ ቢነግረን፣ ልጄ ዛሬ ከአባቷ ጎን ነበረች። ተመልሳ መንገድ ጀምራለች። ነገር ግን ዝናቡ ድልድዩን ወስዶት አውቶቡሷ ከወንዙ ወዲያ ቆሟል። መቼ እንደሚጠገን የሚያውቅ የለም።

አራተኛ፦ ለባለቤቴ ማን ይንገረው የሚለውን ይመለከታል። እኔ ሞክሬ አቅቶኛል። አፌን ስከፍት እሱ ሲድን ስለሚጽፈው ታፔላ ያወራኛል። ሰማያዊው ቀለም እያለቀ ነው፣ ግዢልኝ ይለኛል። እንደምንም ብዬ ነገሩ ከባድ ሊሆን ይችላል ስለው፣ ከባድ ቢሆንማ ሐኪሞቹ ይነግሩኝ ነበር ብሎ አጽናናኝ። ስለዚህ የምለምንዎ፣ ከሐኪሞችዎ አንዱ ወንበር ስቦ ከአጠገቡ እንዲቀመጥ፣ ቆሞ ሳይሆን ተቀምጦ፣ በእናቱ አማርኛ

እዚህ ላይ ጽሑፌ ተቋርጧልና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለቤቴ ነቅቶ ምን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። የመጋረጃ ልክ ነው ልለው አስቤ ነበር፤ ዓይኑን ሳይ አልሆነልኝም። እውነቱን ልንገርዎ፣ እንግሊዝኛ ብችል ኖሮ የምናገረው ያን ጊዜ ነበር። ቀውላላውን ዶክተር ያን ጊዜ ይቅር አልኩት። ነገር ግን አልችልምና፣ ወረቀቱን ከላይ ጀምሬ አነበብኩለት።

የቢሮዎን በር ሰላም ስል ሳቀ። ስለ ካንዲዴቱ ሳነብ እንደገና ሳቀ። ሦስተኛውንም ቀጠልኩ። እስከ ወንዙ ድረስ አነበብኩና ሌላ መቀጠል አቃተኝ። ባለቤቴ ስለ ሳንባው አልጠየቀኝም፣ ስለ ሞትም አላነሳም። "ታዲያ ልጄን ለምን አባረርኳት?" አለኝ። ይህን ብቻ ነው ያለኝ። የዚህ መልስ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው።

ከዚያ ስልኩን አምጪ አለኝ። ልጃችን ከወንዙ ወዲያ ሆና አነሳችው። በዚያች ባለችው ትንፋሽ፣ "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሳትቸኩዪ ነይ፣ እጠብቅሻለሁ" አላት። ስልኩን መልሶ ሰጠኝና፣ ጎፍሬ እንዳታየኝ ላጪኝ አለኝ። ላጨሁት። ይህን የመጨረሻውን የምጽፈው ሳሙናው ከእጄ ሳይደርቅ ነው።

ስለዚህ አራተኛው ልመናዬ ቀርቷል፤ ባለሙያ ላጣው ሆስፒታልዎ እኔ መጋረጃ ሰፊዋ ተናግሬለታለሁ። በምትኩ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ቢሮዎ ደጃፍ እቆማለሁ። ባለቤቴ እጠብቅሻለሁ ብሎ ለልጁ ቃል ገብቷል፤ ቃሉን የሚያቆየው ትንፋሽ አለው ወይ? ይቆያል ካሉኝ፣ ዝም ብዬ እንዲተኛ እተወዋለሁ። አይቆይም ካሉኝ፣ ስልኩን ዛሬውኑ ጆሮው ላይ አድርጌ፣ ልጄ ፊት ለፊት ልትነግረው ያሰበችውን ሁሉ ከወንዙ ዳር ሆና እንድትነግረው አደርጋለሁ። አናውቅም ቢሉኝም እቀበላለሁ፤ ባለማወቅ ከማን አንሼ። ይቆያል፣ አይቆይም፣ አናውቅም፤ ሦስቱም አጫጭር ናቸው፣ ሦስቱም አማርኛ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን ብቻ እለምንዎታለሁ። እባክዎን። እየለመንኩ ነው።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ እያዘንኩ፣ የባለቤቴን ጊዜ ስለወሰዳችሁ ግን ምን እንደምል እያጣሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር የምሰናበትዎ፣

ከአልጋው ጎን ካለችው እግሯ ከሚነቃነቅ ወንበር ላይ፣
መልስዎን ቁጭ ብላ የምትጠብቀው፣
የታፔላ ጸሐፊው ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤቴ ከታፔላው ሥር የተወው ባዶ መስመር እንዲሞላ ይፈልጋል። ብሩሹና የተረፈችው ሰማያዊ ቀለም ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው፤ የሚጻፈውን አማርኛ ከቢሮዎ እንጠብቃለን። የእንግሊዝኛውን ትርጉም የሚነግርዎ ሰው ከጠፋ ግን ብዙ አይድከሙ፤ በበሩ ገብተው በስተግራ ካለው ከሦስተኛው አልጋ ይጠይቁ። እሱ አሁን ያውቀዋል።